«ሰውዬው ይቅር አላለም፤ አንተ ነህ ይቅር ያልህለት»፦ ከባድ ክሕደትን ቶሎ ስለሚምሩ ገጸ ባሕርያት

ጥያቄ፤ የሐይቅ ልጅ፣ ከደሴ

የተከበራችሁ አንባቢያን፤

ረጅም ልብ ወለድ መጻፍ ከጀመርሁ ይህ ሦስተኛ ክረምቴ ነው። ታሪኩ ሐይቅ አካባቢ አብረው አድገው ኮምቦልቻ ላይ በሽርክና የእህል ንግድ ስለ ከፈቱ ሁለት ጓደኛሞች ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ አንደኛው ራሱን ለማዳን በሌላው ላይ በሐሰት ይመሰክራል፤ የተመሰከረበትም ስድስት ዓመት ታስሮ ይወጣል። በወጣ በአራተኛው ወር የከዳው ጓደኛው እናት ትሞታለች፤ እርሱም ለቅሶ ይሄዳል፤ ድንኳኑ ውስጥ ሲተያዩ ተቃቅፈው ይላቀሳሉ፤ ምዕራፉም በዚያው ይዘጋል። ስጽፈው እኔም አልቅሼ ስለ ነበር ከመጽሐፉ ሁሉ የተሳካው ክፍል ይህ ነው ብዬ አምን ነበር።

ባለፈው ሳምንት ይህን ምዕራፍ ለአክስቴ አነበብሁላት። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ተረትና ወግ ግን ከእርሷ አፍ ነው የለመድሁት። ቡና እየቆላች ነበር የምትሰማኝ፤ መተቃቀፉ ላይ ስደርስ ብረት ምጣዱን መነቅነቋን ትታ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቡናው ሊያርር ምንም አልቀረውም። ከዚያ «ሰውዬው ይቅር አላለም፤ አንተ ነህ ይቅር ያልህለት» ብላኝ ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

ይህ ንግግሯ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ፤ ምክንያቱም ያነበብኋቸውንና ያየኋቸውን ታሪኮች መለስ ብዬ ስመረምር ይኸው ጉድለት በየቦታው ታየኝ። በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች ውስጥ ባል የሚስቱን ቤት ደብቆ ሸጦ ይጠፋል፤ ከብዙ ክፍሎች በኋላ ታሞ ይመለሳል፤ ሚስትም ሾርባ ይዛ አልጋው አጠገብ ትቀመጣለች፤ ነገሩ በዚህ ያልቃል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እየተባልን ያደግን ሰዎች ብዕር ስንይዝ የተወጋው ከወጋው ቀድሞ እንዲረሳ የምናደርገው ስለ ምንድን ነው?

ይቅርታ አይጻፍ አላልሁም። የእኔ ጭንቅ ይቅርታው አንባቢ የሚያምነው የሚሆነው መቼ ነው የሚለው ነው። ምሳሌ የምታውቁ ብትጽፉልኝ፣ ምዕራፌን በምን መንገድ እንደማቃናውም ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።


መልስ፤ የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ ከወልድያ

አክስትዎ እኔ በክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ለማስረዳት የደከምሁበትን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሰውታል።

ቶሎ ይቅር ባይ ሲነሣ ለእኔ ቀድሞ የሚታወሰኝ የሼክስፒሩ ቫለንታይን ነው። «የቬሮናዎቹ ሁለት ጨዋዎች» ከደራሲው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ እንደ ሆነ የሚገመት ተውኔት ሲሆን ክሕደቱ ከእርስዎ ታሪክ ጋር በጣም ይቀራረባል። ቫለንታይን የሚላኑን መስፍን ልጅ ሲልቪያን ይዞ ለመኮብለል ያሰበውን ምስጢር ለአብሮ አደጉ ለፕሮቲየስ ያጫውተዋል፤ ፕሮቲየስ ግን ልጅቱን ለራሱ ስለ ተመኛት ሄዶ ለአባቷ ያሳብቃል፤ ቫለንታይንም ከአገር ይባረራል። ይህ አልበቃ ብሎ በመጨረሻው ትዕይንት ፕሮቲየስ ሲልቪያን ጫካ ውስጥ በጉልበት ሊደፍራት ሲል ቫለንታይን ከተሸሸገበት ወጥቶ ይደርስበታል። ይወቅሰዋል፤ ፕሮቲየስ በጥቂት ስንኞች ማፈሩንና መጸጸቱን ይናገራል፤ ቫለንታይንም ወዲያውኑ ይበቃኛል ብሎ ይምረዋል፤ ከዚያም አልፎ በሲልቪያ ላይ ያለኝ ሁሉ ያንተ ይሁን ይለዋል። ሲልቪያ እዚያው ቆማለች። ከዚህ በኋላ ተውኔቱ እስኪያልቅ ድረስ አንዲት ቃል አትናገርም። ይህን ትዕይንት በቃል ስተርክላቸው የኋላ ወንበር ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ይንጫጫሉ፤ በሌላ ቀን ግን ቀስቅሼም የማላገኛቸው ናቸው።

ደራሲው በኋላ ሲበስል ሌላ ዘዴ አገኘ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ኦቴሎ» ያነበበ ሰው ያስታውሳል፤ ደዝዴሞና በባሏ እጅ ታንቃ ልትሞት ስትል፣ ይህን ማን አደረገብሽ ተብላ ስትጠየቅ፣ ማንም አይደለም፣ እኔው ራሴ ነኝ ብላ ለጌታዬ ሰላም በሉልኝ ትላለች። ከዚህ የበለጠ የቸኮለ ምሕረት የለም፤ ነገር ግን አንባቢው አይታዘባትም። ምክንያቱ ኤሚሊያ ናት። ኤሚሊያ የከሐዲው የኢያጎ ሚስት ስትሆን የኦቴሎን ሰይፍ ሳትፈራ ትጮኻለች፤ ትሰድበዋለች፤ የባሏንም ተንኮል አውጥታ በዚሁ ምክንያት ትገደላለች። ደዝዴሞና ያልተቆጣችውን ቁጣ ኤሚሊያ ተቆጣችላት። በሌላ ተውኔቱም በሠርጓ ዕለት በሙሽራው በክላውዲዮ በሐሰት በተዋረደችው በሂሮ ፋንታ የአጎቷ ልጅ ቢያትሪስ ወዳጇን ቤኔዲክን «ክላውዲዮን ግደልልኝ» ትለዋለች። «የክረምት ተረት» በተባለው ተውኔት ደግሞ ንጉሥ ሌኦንቲዝ ንጽሕት ሚስቱን በዝሙት ከስሶ ካዋረዳት በኋላ ፖሊና የምትባል ሴት 16 ዓመት ሙሉ በደሉን እያስታወሰች እንዳይረሳ ታደርገዋለች። በቬሮናው ተውኔት ግን ኤሚሊያ የለችም፤ ስለዚህ ቁጣው አንባቢው ደረት ላይ ይቀራል።

ወደ እርስዎ ምዕራፍ ልመለስ። ለታሰረው ሰው የሚቆጣለት ማን አለ? ስድስት ዓመት ስንቅ ያመላለሰችለት እኅት የለችውምን? ካለች ድንኳኑ ውስጥ የት ተቀምጣለች?


መልስ፤ ከቃሉ ወረዳ፣ ወሎ

አሰላሙ ዐለይኩም፤ ለክርስቲያን ወንድሞቼና እኅቶቼም ጤና ይስጥልኝ።

እኔ የልብ ወለድ ሰው አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የጨረስሁት በሽምግልና ነው። በወሎ አበጋር የሚባሉ አስታራቂ አባቶች አሉን፤ ነገሩ በዘር የሚወርድ ነው፤ ደም የተቃባ ሲኖር እስላሙም ክርስቲያኑም በእነርሱ ፊት ይቀመጣል። እኔ አበጋር አይደለሁም፤ ከሥራቸው ተቀምጬ ያየሁትን ብቻ ልንገርህ ልጄ።

በእርቅ ጊዜ የበደለው ሰው በራሱ እግር ወደ ተበዳዩ አይሄድም። ሽማግሌ ይልካል። ተበዳዩ ሽማግሌውን በመጀመሪያው ቀን እሺ ካለው እኛ ደስ አይለንም፤ እንጠረጥራለን። በሆዱ ሌላ ነገር የያዘ ሰው ነው ቶሎ እሺ የሚል። እንቢ ካለ፣ ከተቆጣ፣ የቆየውን ሁሉ ከዘረዘረ ግን ነገሩ ወደ መንገዱ ገባ እንላለን። ከዚያ በኋላ ነው በደለኛው ጥፋቱን በአፉ የሚናገረው፤ ካሳው የሚቆረጠው፤ መሐላው የሚመጣው። ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ የሚወድቅም አለ። ድንጋዩን አውርድ የማለቱ ሥልጣን የተበዳዩ ነው።

አንድ ጊዜ ሁለት ወንድማማች ልናስታርቅ ተቀመጥን። ታናሽየው ታላቁ በሌለበት የጋራ በሬዎቻቸውን ሸጦ ገንዘቡን በልቶታል፤ ሲጠየቅም ራሱ ነው ሽጥ ያለኝ ብሎ ክዷል። ቡና ቀረበ። ታላቅየው አቦሉን ተቀብሎ መሬት አኖረው። ቶናው ሲቀዳ አቦሉ እንደ ቀዘቀዘ ነው። ጠጣ ብሎ የለመነው የለም፤ ሽማግሌ ይህን ያውቃል። በሳምንቱ ተመለስን፤ እንደዚያው አኖረው። በሦስተኛው ሳምንት ታናሽየው በሬዎቹን ሽጥ ያለኝ የለም፣ ዋሽቻለሁ አለ። ያን ጊዜ ታላቅየው አንድ ነገር አልተናገረም፤ ሲኒውን አነሣና በረካውን ፉት አለ። እኛም ዱዓችንን አደረግን። መተቃቀፍ አልነበረም። እስከማውቀው ድረስ እስከ ዛሬም አልተቃቀፉም፤ ግን ለልጆቻቸው ሠርግ አብረው ድንኳን ተክለዋል።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር፤ የነቢዩላህ ዩሱፍን ታሪክ ከልብ ወለድ ጋር ለመቁጠር እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ የአተራረኩን ነገር እንድታዩት ብቻ ነው። ወንድሞቹ ጉድጓድ ከተቱት፤ በርካሽ ተሸጠ። በሱረቱ ዩሱፍ ዩሱፍ ለወንድሞቹ ዛሬ በእናንተ ላይ ወቀሳ የለም የሚላቸው እነርሱ ራሳቸው አጥፊዎች ነበርን ብለው ካመኑ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ አይደለም። ደግሞም ወደ አባታቸው ሄደው ምሕረት ለምንልን ሲሉት ያዕቁብ ወደ ፊት እለምንላችኋለሁ ነው ያላቸው። ልጁ ዛሬ ሲል አባትየው ወደ ፊት አለ። በአንድ ታሪክ ውስጥ ሁለት የምሕረት ፍጥነት አለ፤ ያነባው፣ ዓይኑ የጠፋው አባት የዘገየው ነው።

በኦሪት ዘፍጥረትም ዮሴፍ ወንድሞቹን ሰላዮች ናችሁ ብሎ ሦስት ቀን እንዳሰራቸው፣ ስምዖንን መያዣ እንዳስቀረ፣ ጽዋውንም በብንያም ዓይበት ውስጥ እንዳስደበቀ አንድ ቄስ ወዳጄ ነግሮኛል። በመጨረሻ ልቡን የሰበረው ይሁዳ ነው፤ እንሽጠው ያለው ይሁዳ ራሱ በብንያም ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን አለ። ከዚያም ወዲያ፣ ያዕቆብ 17 ዓመት ግብፅ ኖሮ ሲሞት፣ ወንድሞቹ አሁን ይበቀለን ይሆናል ብለው እንደገና ፈሩ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ፍርሃቱ እንዳለ ነው። አንተ በአራት ወር ጨረስኸው፤ ምን አስቸኮለህ?


መልስ፤ ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ

በዕድሜም በንባብም ከሁላችሁም ስለማንስ በድፍረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ምሳሌዬም ከካርቱን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2014 በተከታታይ በታተመው የጃፓን የሥዕል ታሪክ፣ በ«ናሩቶ» ውስጥ፣ ሳስኬ ጓደኛውን ናሩቶን ሊገድለው ደርሶ መንደሩን ከድቶ ይሄዳል። ናሩቶ ዓመታት ሙሉ ይከታተለዋል፤ የሌላ አገር መሪ ሳስኬን ሊገድል ሲነሣም በረዶ ላይ ተንበርክኮ ማረው ብሎ ይለምናል።

ከቃሉ የጻፉልንን አባት ሳነብ ነው ቅር ያለኝ ነገር የገባኝ። ድንጋዩን የተሸከመው ናሩቶ ነው። መሸከም የነበረበት ሳስኬ ነበር። እርግጥ በመጨረሻ ሁለቱ ተዋግተው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ክንድ ስለሚያጡ የናሩቶ ይቅርታ በውድ ዋጋ የተገኘ ነው፤ ብዙ ተመልካች በእርሱ አያማርርም። የቡድን ጓደኛቸው ሳኩራ ግን ሌላ ናት። ሳስኬ እርሷንም ሊገድላት ሞክሮ ነበር፤ ስለ ሁሉም ይቅርታ ሲላት ወዲያው ትቀበለዋለች፤ በኋላም ታገባዋለች። ከጓደኞቼ ጋር ስንከራከር ናሩቶን የሚወቅስ ጥቂት ነው፤ ሳኩራ ስትነሣ ግን ክፍሉ በሙሉ ይጮኻል።


መልስ፤ የቧንቧ ውኃ ሰፈሯ አንባቢ፣ ከደሴ

ወንድሜ፤ የመምህሩን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ በደዝዴሞና ላይ ግን አልስማማም። ደዝዴሞና ይቅር አላለችም፤ ሸፈነችለት። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ደራስያን ደግሞ፣ በተለይም ወንዶቹ፣ ይህን ሲያምታቱ ሁልጊዜ አያለሁ። እኛ «ሆድ ይፍጀው» የምንለው ነገር አለ። ሚስት መሄጃ ሲጠፋት፣ ልጅ ሲኖራት፣ የዘመድ ዓይን ሲከብዳት ዝም ትላለች፤ ወጡን ትሠራለች፤ እንግዳውን ትቀበላለች። ከውጭ ሲያዩት ይቅርታ ይመስላል። ያ ሾርባ ይዛ አልጋው አጠገብ የተቀመጠችው የድራማ ሚስት ሾርባውን ማቅረቧ አይደለም ስሕተቱ፤ ብዙ ሴት ታቀርባለች። ስሕተቱ ከሾርባው ጋር ልቧንም ያቀረበች አድርጎ መጻፉ ነው።

የእናቴን ነገር ልንገራችሁ። የቅርብ ዘመዳችን የሆነች ሴት፣ እናቴ በአደራ የሰጠቻትን ወርቅ ሸጣ ካደቻት። ሽማግሌ ገባ፤ እናቴም ለፈጣሪ ሰጥቻለሁ ብላ ታረቀች፤ ከዚያ በኋላ በለቅሶም በሠርግም ተለያይተው አያውቁም። እኔ ልጅ ሆኜ አንድ ነገር አስተውል ነበር። የሳጥናችን ቁልፍ ዘወትር በር አጠገብ ባለው ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ያቺ ሴት ልትመጣ ነው ከተባለ ግን ቁልፉ ምስማሩ ላይ አይገኝም፤ እናቴ በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራዋለች። ሴትዮዋ ስትወጣ ቁልፉ ወደ ምስማሩ ይመለሳል። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ኖሩ። እናቴ ይቅር ብላለች? እኔ አዎን እላለሁ። ረስታለች? መቀነቷን ጠይቁ።

መምህሩ ስለ ፖሊና ሲያወሱ የሚስቲቱን የሄርሚዮኒን አፍ ዘለሉት። 16 ዓመት ሞታለች ተብላ ከኖረች በኋላ እንደ ሐውልት ቆማ ትቆይና ትንቀሳቀሳለች፤ ባሏን ታቅፈዋለች፤ የምትናገረው ግን ለልጇ ብቻ ነው። ለባሏ አንድ ቃል የላትም። በዚያ በደል ወንድ ልጃቸው ሞቷል፤ ሴቷም ከእቅፏ ተነጥቃ በረሃ ተጥላ ነበር፤ ምን ትበለው? እቅፉን ካልተውህ፣ ቢያንስ አፉን ዝጋው ነው የምለው።


መልስ፤ ከወረኢሉ

በአጭሩ ልቃወም። ፈጣን ይቅርታ ሁሉ ርካሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1862 የታተመውንና በአማርኛ «ምንዱባን» ተብሎ የምናውቀውን የፈረንሳዊውን ደራሲ የቪክቶር ሁጎን ልብ ወለድ አስቡ። 19 ዓመት ታስሮ የወጣው ዣን ቫልዣን ማንም ሳያስጠጋው ጳጳሱ አብልተው አሳደሩት፤ እርሱ ግን በሌሊት የብር ሳሕኖቻቸውን ሰርቆ ጠፋ። በማግሥቱ ፖሊሶች ይዘው ሲያመጡት ጳጳሱ እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ መቅረዞቹንስ ለምን ተውህ ብለው ጨመሩለት። የእንጀራ ክሕደት ነው፤ ምሕረቱም ዓይን በተከፈተ ፍጥነት ነው የመጣው። አንባቢ የሚቀበለው ግን ሁጎ ምሕረቱ ወዲያው ፍሬ እንዲያፈራ ስላላደረገ ይመስለኛል፤ ቫልዣን ከዚያ ቤት ወጥቶ ጥቂት ሳይርቅ የአንድ ሕፃን ሳንቲም ቀምቷል። ስለዚህ ጠያቂው ሰዓቱን ብቻ አይቍጠር፤ ምሕረት ያገኘው ሰው በማግሥቱ ምን እንደሚያደርግም ይጻፍ።


የጠያቂው መልስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ ከቃሉ የጻፉልኝን አባቴን።

መተቃቀፉን ሰርዤዋለሁ። ለቅሶውን ግን አልተውሁትም፤ በእኛ አገር ለቅሶ መቅረት ራሱ አዋጅ ነውና፣ ሰውዬው ቂሙን እንደያዘም ቢሆን የሚሄድ ይመስለኛል። መምህሩ የጠየቁኝን እኅት ጨምሬያለሁ፤ በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ ወደ እስር ቤቱ የምትመላለስባቸው ገጾች ከመፈታቱ በፊት ገብተዋል። ድንኳኑ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ወንድሟ ወደ ሐዘንተኛው ቀርቦ ማንም ሰው ለማንም የሚለውን «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይላል፤ ያም ማንም ሰው የሚመልሰውን ይመልሳል። ንፍሮው ሲዞር እኅትየዋ አታነሣም። ሳሕኑን የያዘችው ጎረቤት ትጠብቃታለች፤ እርሷ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ሳሕኑ ያልፋል።

ከዚያ በኋላ ያለው አስቸግሮኛል። ከዳተኛው ሽማግሌ መላክ እንዳለበት ገብቶኛል፤ ነገር ግን የሐሰት ምስክርነቱን በአፉ የሚናገረው በየትኛው ምዕራፍ እንደሆነ፣ ጨርሶ ይናገር እንደሆነም ገና አልወሰንሁም። ሁለት ዓይነት ጽፌ ሁለቱንም ለአክስቴ ላነብላት አስቤያለሁ፤ በዚያን ቀን ግን ንባቡን የምጀምረው ቡናው ተቆልቶ ካለቀ በኋላ ነው።